የወረርሽኝ ጊዜ መስተጓጎልና የጨረር ሕክምና በመከታተል ላይ ያሉ የካንሰር ሕሙማን

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ባስታወቀ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ በይፋ ተገለጸ። አንድ ወር ሳይሞላም መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አንዳንድ ክልሎች የሕዝብ ማመላለሻ ከከተማ ወደ ከተማ እንዳይንቀሳቀስ ለጊዜው አገዱ፤ በሌላው ቦታም ተሽከርካሪዎች የሚጭኑት ሰው ቁጥር በግማሽ ተቀነሰ፤ የጉዞ ዋጋም ጨመረ። እነዚህ እርምጃዎች የተወሰዱት የበሽታውን ሥርጭት ለመግታት እንደሆነ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ሰሞን በየቀኑ ወደ ሕክምና ተቋም መመላለስ ግዴታ የሆነባቸው ሕሙማን ነበሩ። ከነዚህም አንዱ ክፍል የጨረር ሕክምና በመከታተል ላይ የነበሩት የካንሰር ሕሙማን ናቸው።

ለውይይታችን መነሻ የሚሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዕድሜያቸው 45 ዓመት የሆነ፣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ርቀው የሚኖሩ እናት በማሕፀን ጫፍ ካንሰር ታመዋል እንበል። ሐኪም ያዘዘላቸው በ5 ሳምንት ውስጥ 25 ጊዜ የሚሰጥ የውጭ ጨረርና ከዚያ በኋላ በ2 ሳምንት ውስጥ የሚጠናቀቅ የውስጥ ጨረር (ብራኪቴራፒ) ነው። እኚህ እናት የውጩን ጨረር 14 ጊዜ እንደ ወሰዱ መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሰምተው፣ የያዙት የቤት ኪራይ ገንዘብም በማለቁ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከ3 ሳምንት በኋላ በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ቀርበው «የቀረኝ 11 ቀን ብቻ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት እጨርሰዋለሁ» አሉ። ይህን የሰማ የጤና ባለሙያ ምን ሊመልስላቸው ይገባል?

ብዙዎቻችን የጨረር ሕክምናን እንደ ተራ ቀጠሮ ስለምንመለከተው «ችግር የለም፣ ሲመችዎ ይጨርሱ» ማለት ይቀናናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መልስ ለምን ስሕተት እንደሆነ፣ በወረርሽኝ ጊዜ የትኛው ታካሚ ሊቆይ እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል፣ የተዘለለ ቀንም እንዴት እንደሚካካስ ማስረዳት ነው።

የጨረር ሕክምና ለምን ተከፋፍሎ ይሰጣል?

ለአንድ ዕጢ የሚያስፈልገው ጠቅላላ የጨረር መጠን በአንድ ቀን ቢሰጥ ዕጢውን ሊያጠፋው ይችል ይሆናል፤ ዳሩ ግን በዙሪያው ያለውን ጤነኛ አካልም አብሮ ያጠፋዋል። ስለሆነም መጠኑ ተከፋፍሎ፣ ብዙውን ጊዜ በቀን 2 ግሬይ ገደማ እየሆነ፣ በሳምንት 5 ቀን ይሰጣል። በሁለት ሕክምናዎች መካከል ባሉት ሰዓቶች ጤነኛ ሕዋሳት የደረሰባቸውን ጉዳት ይጠግናሉ። የካንሰር ሕዋሳት ግን ይህን የመጠገን ችሎታ በአብዛኛው በእኩል ደረጃ አያሳዩም። ከዚህም ሌላ ዕጢው እየሳሳ ሲሄድ ኦክስጅን ያልደረሳቸው የመሃል ሕዋሳት ኦክስጅን ያገኛሉ፤ ጨረር በእነርሱ ላይ ያለው ኃይልም ይጨምራል። በየቀኑ የሚደረገው ሕክምና ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ይሁን እንጂ ጊዜ ለጤነኛው አካል ብቻ ሳይሆን ለዕጢውም ይጠቅመዋል። በሕክምናው ምክንያት ብዙ የካንሰር ሕዋሳት ሲሞቱ የተረፉት ከበፊቱ በፈጠነ ሁኔታ መራባት ይጀምራሉ። ይህ «የተፋጠነ መልሶ መራባት» የሚባለው ሂደት በተለይ በስኩዌመስ ሴል ካንሰሮች ላይ ጎልቶ ይታያል። ዊዘርስና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ በራስና አንገት ካንሰር ላይ ይህ ሂደት ሕክምናው ከተጀመረ ከ4 ሳምንት ገደማ በኋላ እንደሚነሣና ከዚያ ወዲያ የሚባክን እያንዳንዱ ቀን 0.6 ግሬይ የሚያህል ተጨማሪ ጨረር እንደሚጠይቅ አመለከቱ።

ቀን ሲዘለል ምን ይሆናል?

ከላይ የተጠቀሰውን ቁጥር በሥራ ላይ እናውለው። አንድ የጉሮሮ ካንሰር ያለበት ታካሚ በ7 ሳምንት ውስጥ 35 ጊዜ በድምሩ 70 ግሬይ ታዞለታል። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ሕክምናው ለ14 ቀን ቢቋረጥ፣ በቀን 0.6 ግሬይ ሲባዛ 8.4 ግሬይ ይሆናል። ይህም ከ4 ቀን በላይ የሚወስድ ሕክምና ማለት ነው። ታካሚው ተመልሶ የቀረውን በሙሉ ቢወስድና ካርዱ ላይ «70 ግሬይ ተሰጥቷል» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ፣ ዕጢው የቀመሰው ከ62 ግሬይ ብዙም ያልበለጠ ያህል ነው። በወረቀት ላይ ሕክምናው ተሟልቷል፤ በሰውነት ውስጥ ግን አልተሟላም።

ይህ በታካሚው ዕድል ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ቀላል አይደለም። በራስና አንገት ካንሰር ላይ የተደረጉ የተለያዩ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ ጠቅላላው የሕክምና ጊዜ በአንድ ቀን በተራዘመ ቁጥር ዕጢውን ባለበት ቦታ የማጥፋት ዕድል በአማካይ 1.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በማሕፀን ጫፍ ካንሰርም የውጩና የውስጡ ጨረር በድምሩ በ8 ሳምንት ውስጥ ማለቅ እንዳለበት በሰፊው የታመነበት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለሚባክን እያንዳንዱ ቀን የሚደርሰው ኪሳራ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ገደማ ይገመታል።

ወደ መነሻችን ስንመለስ፣ የእኚያ እናት ሕክምና ባይቋረጥ ኖሮ በ7 ሳምንት ወይም በ49 ቀን ያበቃ ነበር። የ21 ቀኑ ክፍተት ሲጨመር 70 ቀን ይሆናል። ይህም ከተፈቀደው 56 ቀን በ14 ቀን ይበልጣል፤ ኪሳራውም ከ7 እስከ 14 በመቶ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሳምንት ይህን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ «መንገዱ ሲከፈት» የሚለው ቃል የመዳን ዕድላቸውን የሚወስን ቃል ነው።

ሕክምናው ገና ያልተጀመረላቸው ታካሚዎች መዘግየትም የራሱ ጉዳት አለው። በኅዳር ወር መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ታትሞ የወጣ፣ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ታካሚዎችን የሚመለከቱ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ የራስና አንገት ካንሰር የጨረር ሕክምና በ4 ሳምንት ሲዘገይ የሞት አደጋ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በማሕፀን ጫፍ ካንሰር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጠው ጨረር ሲዘገይ ደግሞ ጭማሪው 23 በመቶ ገደማ ነው።

ወረርሽኙ ሕክምናውን ያስተጓጎለባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ የታካሚው መቅረት ነው። የጨረር ሕክምና ማዕከላት በጥቂት ትልልቅ ከተሞች የተወሰኑ በመሆናቸው ከሩቅ የሚመጣ ታካሚ ለሳምንታት ቤት ተከራይቶ ወይም ዘመድ ዘንድ ተጠግቶ ይቆያል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1997 አገልግሎት የጀመረው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ማዕከል ከ20 ዓመት በላይ ብቸኛው ሆኖ ቆይቷል። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ወረፋው በወራት የሚቆጠር መሆኑም የሚያስደንቅ አልነበረም። ዛሬ ጅማንና ሐረርን በመሳሰሉ ከተሞች ማዕከላት መከፈታቸው ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ ወረርሽኙ የደረሰው ግን ትከሻ የሚጋራ ማዕከል ባልነበረበት ወቅት ነው። የጉዞ ዋጋ መጨመር፣ አስታማሚ ይዞ መግባት መከልከሉ፣ የዕለት ገቢ መቋረጥና ሆስፒታል ውስጥ በሽታው ይይዘኛል የሚለው ፍርሃት አንድ ላይ ተደምረው ታካሚውን ከሕክምናው ያርቁት ነበር።

ሁለተኛው የባለሙያ እጥረት ነው። የጨረር ሕክምና የካንሰር ሐኪም፣ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ የጨረር ቴክኖሎጂስትና ነርስ በአንድነት የሚሠሩት ሥራ ነው። በአንድ ማዕከል ያሉት የፊዚክስ ባለሙያዎች ጥቂት ከሆኑና ሁለቱ በአንድ ሳምንት ወደ ለይቶ ማቆያ ከገቡ፣ መሣሪያው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሥራው ይቆማል።

ሦስተኛው ከብዙዎቻችን ዓይን የተሰወረው የጨረር ምንጭ ጉዳይ ነው። በኮባልት-60 የሚሠራ መሣሪያ ምንጩ በ5.27 ዓመት ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህም በወር 1 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ምንጩ አዲስ ሳለ 2 ደቂቃ የሚፈጀው ሕክምና ከ5 ዓመት በኋላ ወደ 4 ደቂቃ ይጠጋል፤ በዚያው መጠን በቀን የሚስተናገደው ታካሚ ይቀንሳል። ለውስጥ ጨረር የሚያገለግለው ኢሪዲየም-192 ደግሞ በ74 ቀን ብቻ ኃይሉ በግማሽ ስለሚወርድ በየሦስትና አራት ወሩ መለወጥ ይኖርበታል። ይህ ምንጭ ከውጭ አገር በአውሮፕላን የሚመጣ ነው። በረራ ሲቋረጥ ወይም የጠጋኝ መሐንዲስ ጉዞ ሲከለከል ምንጩ በ148 ቀን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 10 ደቂቃ ይወስድ የነበረው ሕክምና 40 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ድንበር መዘጋቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው አልፎ የማሕፀን ጫፍ ካንሰር ወዳለባት ሴት የሕክምና አልጋ ድረስ ይደርሳል።

አራተኛው የምርመራው መዘግየት ነው። የቅድመ ካንሰር ምርመራ፣ የናሙና አወሳሰድ፣ የፓቶሎጂና የራጅ አገልግሎት ሲቀዛቀዝ ታካሚው ወደ ጨረር ክፍል የሚደርሰው በሽታው ደረጃውን ከፍ ካደረገ በኋላ ነው። በአንድ ወቅት የታየው የታካሚ ቁጥር ማነስ የካንሰር ማነስ እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርት

መዝገብ አያያዟ የተሟላ በሆነው እንግሊዝ የታየው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ (ኤፕሪል) 2020 የተጀመሩ የጨረር ሕክምናዎች ቁጥር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ታካሚዎች ወደ ማዕከል የተመላለሱበት ቁጥር ግን ከዚያ በላይ፣ በ29 በመቶ ገደማ ነበር የቀነሰው። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት የሚያሳየው ሐኪሞች ያንኑ ሕክምና በጥቂት ቀናት መስጠት መጀመራቸውን ነው። ለጡት ካንሰር በአንድ ሳምንት የሚያልቀው ሕክምና ከዓመት በፊት ከ1 በመቶ በታች ለሆኑት ብቻ ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ በዚያ ወር ግን ከ60 በመቶ በላይ ለሆኑት ተሰጠ።

ሌላም የሚያስገርም ነገር ታይቷል። የቀዶ ሕክምና ክፍሎችና የጽኑ ሕሙማን አልጋዎች በወረርሽኙ ሲያዙ፣ ለፊኛ፣ ለጉሮሮ ቧንቧና ለፊንጢጣ ካንሰር የተሰጠው የጨረር ሕክምና ከቀድሞው ይልቅ ጨመረ። ጨረር የጽኑ ሕሙማን አልጋና የመተንፈሻ መሣሪያ ስለማይፈልግ ቀዶ ሕክምናን ለጊዜው ተክቶ ሠርቷል ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ በወረርሽኝ ጊዜ የጨረር ክፍልን ቀድሞ መዝጋት ሳይሆን ቀድሞ መጠበቅ ተገቢ መሆኑን ነው።

ማን ይቅደም? ማን ይቆይ?

የብሪታንያ የራዲዮሎጂስቶች ሮያል ኮሌጅ ከወረርሽኙ አስቀድሞ ባወጣው መመሪያ ታካሚዎችን በሦስት ይከፍላቸዋል። በወረርሽኙ ጊዜም ይህ አከፋፈል ጠቃሚነቱን አስመስክሯል።

በመጀመሪያው ክፍል የሚገኙት በፍጥነት የሚራባ ዕጢ ያለባቸውና ለማዳን ዓላማ የሚታከሙ ናቸው። የራስና አንገት፣ የማሕፀን ጫፍ፣ የሳንባ፣ የጉሮሮ ቧንቧና የፊንጢጣ አፍ ስኩዌመስ ሴል ካንሰሮች እዚህ ይመደባሉ። የእነዚህ ሕክምና ከታዘደው ጊዜ ከ2 ቀን በላይ ሊራዘም አይገባውም። በሁለተኛው ክፍል እንደ ጡትና ፕሮስቴት ያሉ በአንጻሩ ዝግ ብለው የሚያድጉ ካንሰሮች ሲገኙ፣ በሦስተኛው ደግሞ የማስታገሻ ሕክምና የሚሰጣቸው ይካተታሉ።

«ማስታገሻ» ማለት ግን «ሊቆይ የሚችል» ማለት አይደለም። ካንሰር ወደ አከርካሪ ተሠራጭቶ ሕብለ ሰረሰርን ሲጫን፣ ደም ከማሕፀን ጫፍ ያለማቋረጥ ሲፈስ፣ ወይም ወደ ልብ የሚመለሰው ትልቁ የደም ሥር በዕጢ ሲታፈን ሕክምናው የሰዓታት ጉዳይ ነው። እግሩ መስነፍ የጀመረ ታካሚ ዛሬ ካልታከመ በሚቀጥለው ሳምንት የሚደረግለት ጨረር መራመድን አይመልስለትም።

ያለ ብዙ ጉዳት ሊቆዩ የሚችሉትም አሉ። አደጋው ዝቅተኛ የሆነ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው፣ ወይም በሆርሞን መድኃኒት ተይዞ ሊቆይ የሚችል ዕጢ ያለባቸው፣ ካንሰር ባልሆነ እብጠት ምክንያት ጨረር የታዘዘላቸው ከነዚህ ይቆጠራሉ። ውሳኔው ግን የካንሰር ሐኪሙ እንጂ የመዝገብ ክፍሉ ወይም የዘበኛው ሊሆን አይገባም።

ሕክምናውን ማሳጠር

ታካሚው የሚመላለስበትን ቀን መቀነስ በወረርሽኝ ጊዜ ሁለት ጥቅም አለው፤ ለበሽታው መጋለጥን ይቀንሳል፣ ለሌላ ታካሚም ቦታ ያስለቅቃል። በዚህ ረገድ ዕድል ሆኖ «ፋስት ፎርዋርድ» የተሰኘው የእንግሊዝ ጥናት የ5 ዓመት ውጤት በዚያው በ2020 (እ.ኤ.አ.) የሚያዝያ ወር መጨረሻ ላይ በላንሴት መጽሔት ወጣ። 4,000 ያህል የጡት ካንሰር ታካሚዎች በተሳተፉበት በዚህ ጥናት፣ በአንድ ሳምንት 5 ጊዜ የተሰጠው 26 ግሬይ፣ በ3 ሳምንት 15 ጊዜ ከተሰጠው 40 ግሬይ የማያንስ ሆኖ ተገኘ። በሽታው በዚያው ጡት ላይ ተመልሶ የታየባቸው በ5 ዓመት ውስጥ በአጭሩ ሕክምና 1.4 በመቶ፣ በረጅሙ 2.1 በመቶ ነበሩ።

ይህን ውጤት ወደ እኛ ስናመጣ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ጥናቱ የተደረገው በአመዛኙ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ በተደረሰባቸው ታካሚዎች፣ በሲቲ ስካን ታቅዶ መጠኑ በእኩል በሚዳረስበት መሣሪያ ነው። በሽታው ገፍቶ ለሚመጡ፣ የብብት እጢዎችም አብረው ለሚታከሙ ታካሚዎች ያለ ምርመራ መገልበጥ አይገባም። በቀን የሚሰጠው መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የዕቅድ ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳትም ከፍ ይላል።

ክርክር የማያስነሣው ማሳጠር በማስታገሻው በኩል ነው። ወደ አጥንት በተሠራጨ ካንሰር ለሚመጣ ያልተወሳሰበ ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ 8 ግሬይ፣ በ10 ቀን ከሚሰጠው 30 ግሬይ ጋር የሚስተካከል የሕመም ማስታገሻ ኃይል እንዳለው ከወረርሽኙ ከብዙ ዓመታት በፊት በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ከ400 ኪሎ ሜትር ለመጣ ታካሚ በአንድ ቀን ታክሞ መመለስና ሁለት ሳምንት ቤት ተከራይቶ መቀመጥ ያላቸውን ልዩነት ማስረዳት አያስፈልግም። የሕመሙ መመለስ ካለ ጨረሩ ሊደገም ይችላል።

የተቋረጠውን ማካካስ

ሕክምናው ተቋርጦ ታካሚው ሲመለስ በርካታ ሰዎች የሚያስቡት «ነገ እጥፍ ይሰጠውና ይካካስ» የሚለውን ነው። ይህ አደገኛ ነው። ምክንያቱን በስሌት እንመልከት። 4 ግሬይ በሁለት ቀን በ2፣ 2 ግሬይ ሲሰጥና በአንድ ጊዜ ሲሰጥ በተለመደው የሊኒየር ኳድራቲክ ስሌት ብናወዳድረው፣ የአንድ ጊዜው በዕጢው ላይ ያለው ኃይል በ17 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ ዘግይተው ጉዳት በሚያሳዩ ጤነኛ አካላት ላይ ግን በ40 በመቶ ይጨምራል። ለዕጢው ጥቂት አተረፍን ስንል በሕብለ ሰረሰር፣ በአንጀት ወይም በፊኛ ላይ ከወራትና ከዓመታት በኋላ የሚገለጥ ጉዳት እናደርሳለን።

የሚመረጠው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በቅድሚያ የቀኑ መጠን ሳይለወጥ በቅዳሜና በእሑድ ማከም፤ ይህ የማይቻል ከሆነ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ቢያንስ የ6 ሰዓት ልዩነት በመስጠት ማከም ይቻላል። ጠቅላላው ጊዜ በዚህ ካልተመለሰ የቀሪዎቹን ቀኖች መጠን በጥንቃቄ በመጠኑ ከፍ ማድረግ፣ በመጨረሻም ተጨማሪ ቀን መጨመር ይታሰባል። የመጨረሻው አማራጭ ዕጢውን ሊጠቅም ቢችልም የጤነኛውን አካል ድርሻ ስለሚያበዛ ብቻውን የተሟላ መፍትሔ አይሆንም። ማንኛውም ለውጥ በካንሰር ሐኪሙና በፊዚክስ ባለሙያው በአንድነት ተሰልቶ በካርዱ ላይ መጻፍ አለበት።

ያነሣናቸው እናት በተመለሱበት ዕለት ሐኪማቸው ቀሪዎቹን 11 ቀኖች በሳምንት 6 ቀን በመስጠትና የውስጡን ጨረር የውጩ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ በመካከሉ በማስጀመር ከአንድ ሳምንት በላይ ሊያተርፍላቸው ይችላል። የጠፋው ሁሉ አይመለስም፤ ከፊሉን ማዳን ግን ይቻላል። ይህ የሚሆነው ግን ፈጥነው ከተመለሱ ብቻ ነው።

ታካሚው በወረርሽኙ ሲያዝ

ካንሰር ያለባቸው ሰዎች በኮቪድ-19 ክፉኛ እንደሚጎዱ ገና ከጅምሩ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በላንሴት የወጣ የ928 ታካሚዎች ጥናት በ30 ቀን ውስጥ 13 በመቶ የሚሆኑት መሞታቸውን ዘግቧል። ይህ ከክትባቱ በፊት የነበረ ቁጥር ነው። ስለሆነም ጥንቃቄው ተገቢ ነበር። ቢሆንም የበሽታው ምልክት ቀላል ለሆነበትና የማዳን ሕክምና መሃል ላይ ላለ ታካሚ ሕክምናውን ጨርሶ ማቆም ሌላ አደጋ ነው። ብዙ ማዕከላት የወሰዱት አማራጭ እንዲህ ያለውን ታካሚ ከሌሎች በኋላ በቀኑ መጨረሻ ማከም፣ ባለሙያዎቹ የመከላከያ ልብስ እንዲለብሱ ማድረግና ክፍሉን ወዲያው ማጽዳት ነው። የትንፋሽ እጥረት ያለበትና በጽኑ የታመመ ግን እስኪሻለው ማቆየት የግድ ነው።

በምርመራ በኩልም ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ሳንባው ወይም ደረቱ ጨረር ያገኘው ታካሚ ከሕክምናው በኋላ ከ1 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና ቀላል ትኩሳት ሲያሳይ፣ ጨረር ያስከተለው የሳንባ ቁጣ ሊሆን መቻሉ ነው። በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ለውጡ ጨረሩ ባረፈበት ቦታ የተወሰነ መሆኑ ይለየዋል፤ ሕክምናውም የተለየ ነው። ሁለተኛው ከጨረር ጋር ኬሞቴራፒ የሚወስድ ታካሚ ትኩሳት ሲኖረው የነጭ ደም ሕዋስ ማነስ የፈጠረው ኢንፌክሽን መሆኑን አለመጠርጠር ነው። እንዲህ ያለው ታካሚ የኮቪድ ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ያለ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲጠብቅ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መታየት አለባቸው።

በጤና ጣቢያና በወረዳ ሆስፒታል የሚገኝ ባለሙያ ድርሻ

የጨረር መሣሪያ በአቅራቢያው የሌለ ባለሙያ ለዚህ ችግር የሚያደርገው ነገር የለም ብሎ ማሰብ አይገባውም። በመንገድ ላይ የቀረውን ታካሚ ቀድሞ የሚያገኘው እርሱ ነውና።

አንደኛ፣ ታካሚው የጨረር ሕክምና ጀምሮ እንደሆነ መጠየቅ፤ ጀምሮ ከሆነ ስንት ጊዜ እንደ ወሰደ፣ ስንት እንደቀረውና መጨረሻ የታከመበትን ቀን መመዝገብ።

ሁለተኛ፣ ይህን ይዞ በዚያው ዕለት ለሕክምና ማዕከሉ ስልክ መደወል። «ሪፈር» ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛ፣ የእንቅስቃሴ እገዳ ባለበት ወቅት ታካሚው በኬላ እንዲያልፍ የሚረዳ፣ ሕክምናው የማይቋረጥ መሆኑን በግልጽ የሚያስረዳ የድጋፍ ደብዳቤ መስጠትና ከወረዳው አስተዳደር ጋር መነጋገር።

አራተኛ፣ በመንገድ ላይ ሊፈቱ የሚችሉትን ችግሮች በቦታው ማከም። የደም ማነስን፣ የአፍ ቁስለትን፣ ተቅማጥን፣ የቆዳ ቃጠሎንና ሕመምን እዚያው መንከባከብ ታካሚው ሕክምናውን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ ይረዳል። ሕመሙ ለበረታበት ሞርፊን በወረርሽኝ ጊዜም መድኃኒት መሆኑ አይረሳ።

አምስተኛ፣ ለታካሚውና ለቤተሰቡ እውነቱን በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት፤ የተዘለለ ቀን ተመልሶ የሚከፈል ዕዳ ሳይሆን ወለድ የሚጨምር ዕዳ መሆኑን ማሳወቅ።

በማዕከላቱ በኩል ደግሞ የእያንዳንዱ ታካሚ ካርድ ላይ የቅድሚያ ደረጃው፣ የእርሱና የአንድ ቤተሰብ ስልክ ቁጥር መጻፍ፣ አንድ ቀን የቀረን ታካሚ በማግስቱ መፈለግ፣ ባለሙያዎችን የማይገናኙ በሁለት ቡድኖች ማሠራት፣ የጨረር ምንጭ ግዢንም አስቀድሞ ማቀድ ያስፈልጋል። ከሩቅ ለሚመጡት ማረፊያ ማዘጋጀት እንደ ቸርነት ሳይሆን እንደ ሕክምናው አንድ ክፍል ሊቆጠር ይገባል።

ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት መሆኑ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የጨረር ሕክምናን የሚያቋርጡ ምክንያቶች ግን ከወረርሽኙ ጋር አላበቁም። የመሣሪያ ብልሽት፣ የመብራት መጥፋት፣ የመንገድ መዘጋት፣ የጸጥታ ችግርና የገንዘብ እጦት ያንኑ ጉዳት በዝግታ ያደርሳሉ፤ ሌላ ወረርሽኝም ሊመጣ ይችላል። ከ2012 ዓ.ም. ተሞክሮ የምንወስደው ዋናው ትምህርት፣ በጨረር ሕክምና ጊዜ ራሱ እንደ መድኃኒት መጠን የሚቆጠር መሆኑን ነው። ግሬዩን የሚያዝ ሐኪም ቀኑንም ያዝዛል። በጤና ጣቢያ የተቀመጠው ባለሙያ፣ ኬላ ላይ የቆመው ተቆጣጣሪና ምንጩን የሚያዝዘው የግዢ ሠራተኛም ሳያውቁት የዚያ ማዘዣ አስፈጻሚዎች ናቸው። ስለዚህ «የቀረኝ 11 ቀን ብቻ ነው» ብለው ለሚመጡት እናት ትክክለኛው መልስ «ዛሬውኑ እንደውልልዎት፤ ነገ መንገድ ይጀምራሉ» የሚለው ነው።